ብጉሩ ሄደ፣ ምልክቱ ቀረ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ብጉር፣ ብጉር ጥሎት ስለሚሄደው ጥቁር ምልክትና ጺም ከተላጩ በኋላ ስለሚወጣ ሽፍታ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አጣምረናል፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው። ፊቴ በጣም ወዛም ስለሆነ በቀን አራት አምስት ጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ። ግንባሬና አገጬ ላይ ግን ብጉር አይጠፋም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን ባለ 10 በመቶ ጄል ሁለት ሳምንት ተቀባሁ፤ ፊቴ ተላጠ፣ ይለበልበኛል፣ ብጉሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ወደ ሌላ መድኃኒት ልቀይር?

መልስ፦ መድኃኒቱን አይቀይሩ፤ ጥንካሬውን ይቀንሱ፣ ጊዜም ይስጡት። ዛሬ ጠዋት መስታወት ላይ ያዩት ብጉር ዛሬ የተጠነሰሰ አይደለም። መነሻው በቆዳ ቀዳዳ ውስጥ ወዝና የሞተ ቆዳ ተጣብቀው የሚሠሩት ውታፍ ነው። ውታፉ በዓይን ሳይታይ ሳምንታት ይቆያል። ከሥሩ ወዝ ይጠራቀማል፤ በሰው ሁሉ ቆዳ ላይ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክኒስ የተባለ ባክቴሪያ በዚያ ወዝ ይራባል፤ ሰውነት ሊከላከል ሲነሣ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይይዛል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የወጡብዎት ብጉሮች እንግዲህ ጄሉን ከመግዛትዎ በፊት መንገድ ላይ ነበሩ። አንድን የብጉር መድኃኒት ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት ቢያንስ 8 ሳምንት፣ በደንብ ለመፍረድ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚቀያይር ሰው «አምስት መድኃኒት ሞክሬ አንዱም አልሆነልኝም» ይላል፤ እውነቱ ግን አንዱንም አልሞከረም።

ባለ 2.5 በመቶው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብጉር በመቀነስ ከባለ 10 በመቶው እምብዛም አያንስም። ልዩነታቸው የሚጎላው በማቃጠሉ ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ጄሉን ለአንድ ሳምንት ያቁሙና ፊትዎን በመታጠብና በማለስለሻ ክሬም ብቻ ያሳርፉት። መላጡ ሲቆም በባለ 2.5 በመቶው በአንድ ቀን ልዩነት ይጀምሩ፤ ካልለበለበዎት ከሁለት ሳምንት በኋላ በየቀኑ ያድርጉት። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ዋና ሥራው ገና ያልወጣውን ማስቀረት ስለሆነ ብጉር የሚወጣበትን አካባቢ በሙሉ በስሱ ማዳረስ ይገባል። ደግሞ ጨርቅ ያነጣል፤ ባለቀለም ፎጣና የትራስ ልብስ ከነካ ቀለሙ አይመለስም። ነጭ ፎጣ ይያዙ።

መታጠቡን በቀን ወደ ሁለት ጊዜ ያውርዱት፣ ካላብዎት አንድ ይጨምሩ። የወዝ ዕጢዎችን የሚያዛቸው በዋናነት ሆርሞን ነው፤ ሳሙናም ውታፉ ያለበት ድረስ አይወርድም። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 5 አካባቢ ሲሆን የተለመደው ደረቅ ሳሙና 9 ወይም 10 ነው። ስለዚህ ደጋግመው ሲታጠቡ የሚያነሡት ወዙን ብቻ ሳይሆን ቆዳው ውኃ የሚይዝበትን ሽፋን ጭምር ነው። ታጥበው ሲጨርሱ ፊትዎ ከተወጠረ ሳሙናው በርትቶበታል ማለት ነው። ሽታ የሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ በጣት ጫፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በፎጣ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ፤ መፈተግ የለም። አፍንጫ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦችም ቢሆኑ ቆሻሻ አይደሉም። የውታፉ ጫፍ አየር ነክቶት የጠቆረ ስለሆነ በመፈተግ አይለቅም። ለእነሱ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ይሻላል፤ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ቀዳዳው ይገባል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጄሉን ፊትዎ ከለመደውና አሁንም ትንንሽ ድፍን ብጉሮች ካሉ አዳፓሊን 0.1 በመቶ ማታ ማታ መጨመር ይቻላል። ይህ ውታፉ እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት ነው። ለመላው ፊት የሚበቃው የአንዲት አተር ፍሬ ታህላለች። ፊትዎን ታጥበው ሩብ ሰዓት ያህል ያድርቁት፣ አተሯን ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫና አገጭ ላይ በነጥብ ያከፋፍሏትና ያዛምቷት፤ የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ ክንፍና የከንፈር ዳር ይለፉ። መጀመሪያ በየሦስተኛው ሌሊት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት እያለፉ፣ ከዚያ በየሌሊቱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ያኔ ነው አብዛኛው ሰው የሚተወው። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን አዳፓሊንም ሆነ ዘመዱን ትሬቲኖይንን መቀባት የለባትም። ትሬቲኖይን የታዘዘለት ሰውም ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ሰዓት አይቀባው፤ ብዙዎቹ የትሬቲኖይን ዓይነቶች በእሱ ይበላሻሉ። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ማታ ይሁን።

አንድ ነገር ሳይጠየቅ እንጨምር፦ የግንባርዎ ብጉር በፀጉር መስመሩ ሥር የተሰደረ ከሆነ የፀጉር ቅባትዎን ይጠርጥሩ። ለሦስት ወር ያህል ቅባቱን ከፀጉር መስመሩ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ያርቁት።

ጥያቄ፦ ብጉሬ ከጠፋ ስምንት ወር ሆነው። ቦታው ላይ ግን ጥቋቁር ምልክቶች ቀርተዋል። ጉንጬ ላይ ደግሞ ሸካራ ነገር አለ። ጠባሳ ማጥፊያ የተባለ ክሬም ሁሉ ተቀባሁ። ይጠፋል ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሁለቱን ይለዩ። ቀን፣ መብራት አጥፍተው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርገው መስኮት አጠገብ ይቁሙና በትንሽ መስታወት ጉንጭዎን ይመልከቱ። ምልክቱ ጠቁሮ ግን ከአካባቢው ቆዳ እኩል ሆኖ ጥላ ካልጣለ ቀለም ብቻ ነው። በአንድ ወገኑ ጥላ ከያዘ ቆዳው ጎድጉዷል፤ እሱ ነው ጠባሳ። ጎድጓዳውን የሚሞላ ክሬም የለም። እሱን የቆዳ ሐኪም በመርፌና በሌሎች ዘዴዎች ሊያሻሽለው ይችላል፤ ያም ብጉሩ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው የሚጀመረው።

ቀለሙ ሌላ ታሪክ ነው። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከልክ በላይ ሜላኒን ያመርታሉ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ይህን በብርቱ ያደርጋል። ሜላኒኑ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ከቀረ ምልክቱ ቡናማ ይሆናል፣ በወራት ውስጥም እየሳሳ ይሄዳል። ወደ ታችኛው ሽፋን ከወረደ ግን ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ የሚቀባ ነገርም እምብዛም አይደርስበትም። የእርስዎ ቡናማ ከሆነ ስምንት ወር ገና ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

የሚረዱት ጥቂት ናቸው። አዜላይክ አሲድ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ በብጉሩም በምልክቱም ላይ አብሮ ስለሚሠራ የመጀመሪያ ምርጫችን እሱ ነው፣ በእርግዝና ጊዜም ሊታዘዝ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ማሳከክና መብላት አለው፤ ማለስለሻ ክሬም ቀድመው ቢቀቡ ይቀንሳል። አዳፓሊን ማታ ማታ ቆዳው ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ ስለሚያደርግ ይረዳል። ኒያሲናማይድ ከ4 እስከ 5 በመቶ ለዘብ ያለ ነው፣ የሚያቃጥለው ሰውም ጥቂት ነው። ሀይድሮኪኖን ከእነዚህ ሁሉ ይበረታል፤ ሆኖም በሐኪም ክትትልና ለጥቂት ወራት ብቻ። ለዓመታት የተቀቡት ሰዎች ላይ ቆዳውን ይባስ የሚያጠቁር፣ ለማከምም የሚያስቸግር በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

እነዚህን ሁሉ ገዝቶ የፀሐይ መከላከያ ያልገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ውኃ ላይ በተነው። ፀሐይ ምልክቱን በየቀኑ ታድሰዋለች። ኤስፒኤፍ (የመከላከያው የጥንካሬ ቁጥር) 30 የሆነ መከላከያ በቂ መጠን ከተቀቡት ከቆዳ አቃጣዩ ጨረር 97 በመቶ ገደማ ያስቀራል፤ ኤስፒኤፍ 50 ወደ 98 ነው የሚያደርሰው፣ ስለ ቁጥሩ ብዙ አይጨነቁ። መጨነቅ ያለብዎት ስለ መጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በአመልካችና በመሐል ጣትዎ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ሁለት መስመር ነው። ብዙ ሰው የሚቀባው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ በዚያን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 30 ፊትዎ ላይ 30 አይደለም። ውጭ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ለጥቁር ምልክትና ለማድያት ደግሞ ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ቅልም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የያዘውን ይፈልጉ። በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጠቆር ያለ ቆዳን ያጠቁራል፣ ያልቀለመው መከላከያ ደግሞ እሱን አያቆምም። ፊት ላይ ነጭ ሆኖ የመቅረቱም ችግር በዚያው ይቃለላል።

ጥያቄ፦ ከሰው የገዛሁት፣ ስም የሌለው ድብልቅ ክሬም በሳምንት ውስጥ ብጉሬንም ማድያቴንም አጥፍቶልኝ ነበር። ስተወው ግን ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ትንንሽ ብጉር ይወጣል። ስመለስበት ይረጋጋል። ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚገልጹት በጠንካራ ስቴሮይድ የተላመደ ፊትን ነው። ስቴሮይድ መቅላትንና እብጠትን በአንድ ጊዜ ስለሚያፍን ተአምር ይመስላል፤ በሳምንት ውስጥ ማድያት አጠፋ የሚባል ክሬም ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ነው። ከሥሩ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያወጣል፣ አንድ ዓይነት መጠንና መልክ ያላቸው ብጉሮች ይፈጥራል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ያበዛል። ስም ባላቸው ቱቦዎች ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖሎን ከሚሉት አንዱን ካዩ ነገሩ ያው ነው። ቤታሜታሶን ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ክሬምም እንደ ተራ የፊት ቅባት ሲቀባ ይታያል።

ክሬሙን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ ወደ ለዘብተኛ ስቴሮይድ አውርዶ ቀስ በቀስ ሊያስተውዎ ወይም ስቴሮይድ ባልሆነ መድኃኒት ሊተካልዎ ይችላል። ሲተዉት የሚመጣው መቅላትና ማቃጠል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ክሬሙ «ስለሚስማማኝ ነው» ብለው ወደ ኋላ የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽታ የሌለው ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ። ገላዎን በሙሉ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት ከነበረ ግን በራስዎ በድንገት አያቁሙ፤ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል (እሱ ራሱ የሚሠራውን የስቴሮይድ ሆርሞን) መሥራት ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

ድብልቁ ሜርኩሪም ሊኖርበት ይችላል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በቤት ውስጥ ያሉ ሕፃናትንም በፎጣና በእጅ ንክኪ ይደርሳቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ወስኖ ነበር፤ ዛሬም ግን ይገኛሉ። ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ አዮዳይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ምንም ባይጻፍ እንኳ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካለው ሌላ ማስረጃ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጺሜን በተላጨሁ በማግስቱ አንገቴና መንጋጭላዬ ሥር ሽፍታ ይወጣል፤ ያሳክካል፣ ከዚያ ይጠቁራል። የብጉር መድኃኒት አልሠራልኝም።

መልስ፦ ይህ ብጉር ስላልሆነ ነው። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳው እኩል ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ጦር ይሾላል፤ ሲያድግ ተጠማዝዞ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል። ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ ይህን ያብሳል፦ የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ይጎትታል፣ ተከታዩ ይቆርጣል፣ የቀረው ከቆዳ በታች ይሰምጥና እዚያው ውስጥ ይጠመዘዛል።

መጀመሪያ ለአራት ሳምንት ያህል አይላጩ። በመጀመሪያው ሳምንት ይብስበታል፤ ፀጉሩ ሲረዝም ግን የተቀበረው ጫፍ በራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። ጎብጦ እንደ ቀለበት የሚታይ ፀጉር ካለ በጸዳ መርፌ ጫፍ ቀለበቱን ከሥር ቀና ያድርጉት፣ ግን አይንቀሉት። የተነቀለው ሲመለስ የቀዳዳውን ግድግዳ ይወጋል። ከዚያ በኋላ በጣም የሚሻለው በኤሌክትሪክ መከርከሚያ 1 ሚሊ ሜትር አስቀርቶ ማሳጠር ነው። በዚያ የማይሆንለት፣ ማለስለስ ግድ የሆነበት ሰው ደግሞ እንዲህ ያድርግ፦ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ፎጣ አምስት ደቂቃ ይያዝበት፤ ወፈር አድርጎ የመላጫ ጄል ይቀባ፤ ባለ አንድ ምላጭ ይዞ፣ ቆዳውን ሳይወጥር፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ፣ አንድን ቦታ አንዴ ብቻ ይለፍበት። አንገት ላይ አቅጣጫው ቦታ ለቦታ ስለሚለያይ የሁለት ቀን ጺም ላይ ጣቱን አሻሽቶ ይፈትሽ፤ የሚለሰልስበት ወገን ነው ትክክለኛው። ምላጩ መጎተት ከጀመረ ይቀየር። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ሽታና አልኮል የሌለው ማለስለሻ። አዳፓሊን ማታ ማታ እዚህም ይጠቅማል፤ የጠቆረው ቦታ ከላይ ባልነው መንገድ ይሄዳል።

ማጅራት ላይ ጠንካራ እባጮች የሚወጡበት ሰው ግን ጊዜ አያጥፋ። እነሱ እየተያያዙ እንደ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ወደሚያድግ ጠባሳ ሊሄዱ ስለሚችሉ ገና ጥቂት ሳሉ ሐኪም ይያቸው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ብጉሩን ሁልጊዜ እያፈረጠ ነው። ጓደኞቹ ደግሞ ሎሚና የጥርስ ሳሙና ቀባ ይሉታል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ሎሚውን ፈጽሞ ይከልክሉት። ፒኤቹ 2 አካባቢ የሆነ አሲድ ነው፤ ይባስ ብሎ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የጥርስ ሳሙናም ብጉሩን ያደርቀዋል ቢባልም የሚያደርቀው ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ነው።

ማፍረጡን «ተው» በማለት ብቻ የሚተው ልጅ ብዙም የለም፤ ምትክ ይስጡት። የጠለቀና የሚያም ብጉር ከሆነ በለብታ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ነጭ ጫፍ ያወጣ ከሆነ ሀይድሮኮሎይድ የሚባለው የብጉር ፕላስተር ሌሊቱን ይለጠፍበት፤ መግሉን ይመጥጣል፣ ከሁሉ በላይ ጣት ይከለክላል። ብጉር ከጎን ሲጨመቅ መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይሄድም። የቀዳዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይፈነዳና እብጠቱ ይሰፋል፤ ጥቁር ምልክትና ጎድጓዳ ጠባሳ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። እብጠቶቹ ትልልቅና ጠንካራ ከሆኑ ወይም ከወዲሁ ጎድጓዳ ምልክት ከተዉ በሚቀባ ነገር ጊዜ አያጥፉ፤ የሚዋጥ መድኃኒት የሚያስፈልገው ልጅ ሊሆን ይችላልና የቆዳ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ግንባሬ፣ ደረቴና ጀርባዬ ላይ ጥቃቅን ብጉሮች አሉኝ። ያሳክካሉ። ለብጉር አንቲባዮቲክ ዋጥሁ፤ ባሰባቸው እንጂ አልተሻለኝም።

መልስ፦ ብጉር ያማል እንጂ ብዙ ጊዜ አያሳክክም። ሁሉም እኩል እኩል ሆነው፣ ጥቁር ነጥብ ሳይኖራቸው፣ የሚያሳክኩና በአንቲባዮቲክ የሚብሱ ከሆነ ማላሴዝያ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ የፀጉር ሥሮችን አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ በፈንገሱ ላይ አይሠራም፤ የሚቀናቀኑትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ሜዳውን ይለቅለታል። አንቲባዮቲኩን ያዘዘልዎትን ሐኪም ይህን ነግረው ያማክሩት። ኬቶኮናዞል 2 በመቶ የሆነውን የፎረፎር ሻምፑ በእርጥብ ቆዳ ላይ አረፋ አድርገው 5 ደቂቃ ያቆዩትና ይለቅለቁት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለአራት ሳምንት። ዓይንዎ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በነዚህ ሳምንታት በተክል ዘይት የተሠሩ ወፍራም ቅባቶችን ከነዚያ ቦታዎች ያርቁ፤ ፈንገሱ የሚመገበው ቅባት ነው። ያላበው ልብስም ገላዎ ላይ አይድረቅ። በአራት ሳምንት ማሳከኩ ካልቀነሰ ሐኪሙ ከቆዳው ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችላል፤ ምርመራው ቀላል ነው፣ አያምም።